ብሪቱ ዳቦ አጥታለች

መንደር ስልሳ አራት፣ አሶሳ
ኅዳር 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቡሴ፣

እንደምን ከረምሽ? ቡርቃ ሎሚስ እንዴት ናት? ደወሉ፣ የባሕር ዛፉ አጥር፣ በሩ ገጥሞ የማያውቀው የስፌት ክፍላችን፣ ሁሉም በያሉበት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ወባ አንድ ጊዜ ጎብኝታኝ ሄዳለች እንጂ የሚያሳስብ ነገር የለም። ይህችን ግን ለእትዬ ወርቅአፈራሁ እንዳትነግሪብኝ። ሠላሳ ዓመት የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ያስተዳደሩ ሴትዮ ወባ ሲሰሙ ኪኒን ልከው ዝም አይሉም፤ ራሴ ካልሄድኩ ይላሉ።

ክፍልሽ ስንት መስኮት አለው ብለሽ ጠይቀሽኛል። ብቻዬን ሳቅሁ። ክፍሌ የሾላ ዛፍ ነው፤ ዙሪያውን መስኮት ነው። ሠላሳ አንድ ሴቶች ልጆች ሥሩ ተቀምጠው ይማራሉ። ሁሉም ባለፈው ዓመት ከወሎ፣ አንዳንዷ በካሚዮን፣ አንዳንዷ በአውሮፕላን ተጭና የመጣች የሰፋሪ ልጅ ናት። ወንዶቹ ከመጋዘኑ ጎን ቆርቆሮ የለበሰ ክፍል አላቸው። ሴቶቹን ግን እኔ እስክመጣ ማንም አላሰባቸውም ነበር።

ትልቋ እታለም ትባላለች፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያ ቀን ተነሥታ «እትዬ፣ ይኸ ሁሉ ሴት ፊደል ከቆጠረ ማሽላውን ከወፍ ማን ሊጠብቀው ነው?» አለችኝ። በሦስተኛው ሳምንት ስሟን ጽፋ ለእናቷ ለብዙወርቅ ወሰደችላት። እናትዬው ወረቀቱን ገልብጣ ያዘችና «ስሟ ይቺው ብቻ ናት? እኔ ስጠራት እኮ ትረዝማለች» አለች።

ቅዳሜ ሲመጣ ሆዴ ይባባል። እናንተ እዚያ አጥር ስታጥሩ፣ ግድግዳ ስትመርጉ፣ ጓሮ ስትቆፍሩ ይታየኛል። አምስተኛ ክፍል ሳለን «የምወደው ነገር» ብላችሁ ጻፉ ስንባል የጻፍኩት ትዝ ይልሻል? በኦሮምኛ አፌ «ዳቦ እወዳለሁ፤ ቅዳሜ ሁላችንም ዳቦ ስንወጣ ደስ ይለኛል» ብዬ፣ አስተማሪው «ልጄ፣ ዳቦ የሚበላ ነው። የሚወጣው ደቦ ነው» ብለው ክፍሉን ሁሉ ያሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ የቅዳሜው የኅብረት ሥራ በእኛ ክፍል ዳቦ ሆኖ ቀረ። የዛሬዎቹ ልጆች ይህን የሚያውቁ አይመስለኝም። ከእኛ ክፍል እዚያ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ ገረሱ ነው፤ የእህሉን ካሚዮን የሚነዳው። መልስሽን ለእሱው ስጪው።

እህትሽ ብሪቱ ኦልጅራ


ቡርቃ ሎሚ የሴቶች ትምህርት ቤት፣ ወለጋ
ታኅሣሥ 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለብሪቱ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰላምታዬ ካጠረብሽ አትፍረጂብኝ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች ሰላም በይልን ብለው ተሰልፈውብኛል። የእነሱን ስጽፍ የእኔ ቦታ አጣ።

ደብዳቤሽ ደርሷል። ከመድረስም አልፎ ተነቧል፤ እትዬ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ለልጆቹ ይነበብ ብለው አዘዙ። የእሳቸው ዓይን ሞራ ለብሷል፤ ከመስቀል ወዲህ ፊደል አይለዩም። ስለዚህ አንባቢዋ እኔ ነኝ። ሾላውን አነበብኩ፣ እታለምን አነበብኩ፣ እናትዬዋ ወረቀቱን ገልብጣ መያዟን አነበብኩ። ልጆቹ አለቀሱ፣ ሳቁ፣ አጨበጨቡ። ድምፄ እስኪዘጋ ያነበብኩት እኔ፣ የተጨበጨበው ለአንቺ። ወባሽን ዘለልኳት፤ የእኛን የጨቅላነት ጨዋታም ዘለልኩት፤ ለልጆች ምን ያደርጋል ብዬ። ሳልደናቀፍ መዝለል ይሆንልኛል፤ ማንም አላወቀብኝም።

ስለ ትምህርት ቤቱ ጠይቀሽኛል። ባለፈው ሳምንት የሦስተኛው መኝታ ቤት ጣሪያ አፈሰሰ። መሰላል ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ጆሮዋን አሟት፣ አቅፌያት ክሊኒክ ወረፋ ስጠብቅ ዋልኩ። የመጋዘኑ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው፤ ስኳር ሲጎድል እኔ እጠየቃለሁ፣ እንጨት ሲረጥብ እኔ እጠየቃለሁ። ይህን ሁሉ ሰልፍ ላይ የሚያነብልኝ የለም።

ቶለሺ የምትባል የስድስተኛ ክፍል ልጅ አለች። ሀ ሁን ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ያንቺ ደብዳቤ በተነበበ ማግስት «ሳድግ ማን እሆናለሁ» የሚል ድርሰት ሰጠኋቸው። ቶለሺ «እንደ እትዬ ብሪቱ እሆናለሁ» ብላ ጻፈች። ዘጠኝ ከአሥር ሰጠኋት። አንዷ የጎደለችብኝ ምን አጥፍቼ ነው ብላ መጣች፤ አራት ነጥብሽን ረስተሻል አልኳት። አራት ነጥቡ በቦታው ነበር።

ከደብዳቤው ጋር አጥፈሽ በላክሻት በትንሿ ብጣሽ ወረቀት «ተቀየምሽኝ ወይ?» ብለሽኛል። አልተቀየምኩሽም። ቅያሜ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ለሰፈራው አንድ አስተማሪ ስጡ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ እኔ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ጠርጌ ነበር። እትዬ ሳይጠይቁኝ ያንቺን ስም ጻፉ። ለእኔ ያሉኝ «አንቺ እዚሁ ትጠቅሚኛለሽ» ነው። መሰላልም ይጠቅማል፣ ቁልፍም ይጠቅማል። እስቲ አንቺው ፍረጂ፤ ሰው እንዲህ ተብሎ ደስ ይለዋል?

እትዬ በየቀኑ «የብሪቱ ደብዳቤ አልመጣም?» ይላሉ። ቶሎ ጻፊ እንግዲህ። እኔን ሳይሆን እሳቸውን ብለሽ።

ቡሴ ገቢሳ


መንደር ስልሳ አራት፣ አሶሳ
የካቲት 25 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቡሴ፣

እንዴት ነሽ? የእትዬ ዓይንስ? ያ ክሊኒክ የወሰድሻት ልጅ ጆሮዋ ዳነላት? ቀናሁ ብለሽ ልትጽፊ ትንሽ ነው የቀረሽ፤ አንቺ አላልሽውም፣ እኔ ግን አነበብኩት። ስቄብሽ እንዳይመስልሽ። አንድ ቀን የምነግርሽ ነገር አለኝ፤ ዛሬ ግን ችግር ላይ ነኝ።

ይህችን የመጀመሪያ ገጽ ለልጆቹ አንብቢላቸው። ሁለተኛዋ ላንቺ ብቻ ናት።

«ለቡርቃ ሎሚ እህቶቼ፦ ሰላምታችሁ እዚህ ድረስ ደርሶ የእኔን ልጆች አስፈንድቋቸዋል። እታለም አሁን ባታነብም ትነበንባለች፤ ሌሎቹም እየተከተሏት ነው። ጉብዝና አለን፣ ጤና አለን፣ ዛፋችንም አለ። የሌለን አንድ ነገር ነው። ብሪቱ ዳቦ አጥታለች። ለፋሲካ እረፍት ዳቦ ቢደርስልኝ ሌላ ምንም አልለምናችሁም። ዳቦ ምን እንደሆነ እትዬ ቡሴ ታስረዳችኋለች።»

አሁን ላንቺ። የመንደሩ ኃላፊ ጠርቶ እንዲህ አለኝ፤ «ዝናብ ሲገባ ዛፍ ሥር መማር የለም። ጣሪያ ያለው ክፍል ካለሽ ትቀጥያለሽ። ከሌለሽ ሴቶቹ ወደ አረም ምድብ ይገባሉ፣ አንቺም ወደ መጣሽበት።» ሰዉን እንዳልለምን አባወራው ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ የጋራ እርሻ ላይ ነው። አቶ ፈንታ የሚባሉ ሽማግሌ ብቻ ምሰሶ እተክልልሻለሁ ብለውኛል፤ ያውም በአንድ እጃቸው፣ ሌላው አይታጠፍም።

ቀርከሃ እዚህ እንደ ሣር ነው። ሙርሳል የሚባል የበርታ ሰው ከሆሞሻ በኩል እየመጣ ምንጣፍ ይሸጥልናል። ነገሬን ብነግረው «ቀርከሃ ብዙ አለ። ሰው የለም። ዝናብ አንተን አይጠብቅም ኡስታዛ፣ ወላሂ» አለኝ። ኡስታዛ አስተማሪ ማለቱ ነው፤ እኔን ግን «አንተ» ይለኛል፤ ለእሱ አማርኛ ሴትም ወንድም ያው ነው። ደቦ ብንጠራስ ብዬ ብጠይቀው «አዎ፣ ነፊር!» አለ፤ ከሱዳን ገበያ የለመደው ቃል ነው። ነፊር ከተገኘ ቆርጦ፣ ማግሮ፣ ከድኖ ለመጨረስ ሳምንት ይበቃል ይላል።

ቡሴ፣ ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል ሃያ ልጆች ይዘሽልኝ ነይ። በየዓመቱ የመኝታ ቤት ግድግዳ ሲመርጉ ያደጉ ናቸው፤ ጭቃ አይፈሩም። እትዬን አስፈቅጂ። «ዳቦ» ብለሽ ስታስረጂያቸው የሚስቁት ሳቅ ከዚህ ይሰማኛል። አንቺ ስትነግሪያቸው ነው የሚያምረው።

ብሪቱ


ቡርቃ ሎሚ
ሚያዝያ 17 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለብሪቱ፣

ሰላም ነሽ? እኛ ሰላም ነን። ከገረሱ ጋር የሚመጣልሽን ጭነት ስታይ አፍሽን ይዘሽ ትቀሪያለሽ።

ደብዳቤሽን ሰልፍ ላይ አነበብኩ። «ብሪቱ ዳቦ አጥታለች» ስል ግቢው ጸጥ አለ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች ባሉበት ግቢ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ወዲያው ቶለሺ ከመካከል እጇን አወጣችና «ቁርሳችንን እንተውላቸው» አለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁርሳቸውን ትተው ዱቄቱን አጠራቀሙ። የከተማው እናቶች ሰምተው እርሾና ድስት ይዘው መጡ፤ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ያገቡትና የወለዱት ሳይቀሩ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሊጡ ላይ ተሰለፉ። ይህ ትምህርት ቤት ከጣሊያን በፊት ጀምሮ ሲኖር እንዲህ ያለ ቀን ያየ አይመስለኝም። ስድሳ ሁለት ዳቦ ወጣ፤ እያንዳንዱ መንኮራኩር ያህላል።

እትዬ በሰው ተደግፈው መጥተው እያንዳንዱን በእጃቸው ዳሰሱት። «የኔ ብሪቱ» አሉ። ስድሳ ሁለቱንም ሲዳስሱ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

በገረሱ በኩል «ሁለተኛው ገጽ ደረሰሽ ወይ?» ብለሽ አስጠይቀሽኛል። ደርሶኛል። አሁን ሥራ በዝቶብኛል፤ ረጋ ስል እመልስልሻለሁ። ዳቦ ጠየቅሽ፣ ዳቦ መጣልሽ። ደስ ይበልሽ።

መልካም ፋሲካ።

ቡሴ


መንደር ስልሳ አራት፣ አሶሳ
ግንቦት 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለቡሴ፣

እግዚአብሔር ይስጥልኝ በይልኝ ለልጆቹ። ቁርሳቸውን ነው የላኩልን፤ ይህን መቼም አልረሳውም። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ግን ለአንድም ልጅ እንዳታነቢ። እለምንሻለሁ።

ገረሱ ዳቡስን እንደተሻገረ ጎማ ፈነዳበት፤ ባምባሲ ላይ ደግሞ መለዋወጫ ሲጠብቅ አራት ቀን ተኛ። እኛ እዚህ መንገድ ዳር ወጥተን እንጠብቃለን። ሃያ እህቶች ይመጣሉ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ልጆቼ ለእንግዶቹ መደብ ሠርተዋል፤ እታለም በጠመኔ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብላ በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ጽፋለች፤ «ደህና» ላይ «ህ»ን ረስታ ቆይታ በኋላ ከላይ ጨምራዋለች። ሙርሳል ከስምንት ዘመዶቹ ጋር የቆረጠው ቀርከሃ ከመንገዱ ዳር ተከምሯል። ምሰሶዎቹን አቶ ፈንታ በአንድ እጃቸው ተክለዋል።

ካሚዮኑ መጣ። ገረሱ ሸራውን ገለጠው። ጆንያ።

አቶ ፈንታ ጆንያውን ከፍተው አዩና፣ «እመቤቴ፣ ሰው ይመጣል ብለሽን አልነበረም? ይኸ ሰው ነው?» አሉኝ። እሳቸው ለመቀለድ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። ሙርሳል ቀርከሃውን አየ፣ እኔን አየ፣ ዘመዶቹን ይዞ ሄደ። ግማሹ ዳቦ ሻግቷል። ብዙወርቅ አረንጓዴውን በቢላ እየፋቀች ለልጆቹ አደለች፤ ልጆቹ በሉ፣ ደስ አላቸው። ይጣፍጣል፤ እሱን አልደብቅሽም። እኔ ከሾላው ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።

ኃላፊው እስከ ሰኔ 1 ቀን ድረስ ጊዜ ሰጥቶኛል። ትናንት የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ልጆቹ ደብተራቸውን ልብሳቸው ውስጥ ሸጉጠው ሮጡ።

አንድ ቀን የምነግርሽ አለኝ ብዬሽ ነበር። እነሆ። እትዬ እኔን ለዚህ ሲመርጡኝ ምን እንዳሉኝ አፍሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። «ሰው ስጡ ተብያለሁ። ቡሴን ብሰጥ ይህ ቤት በወሩ ይፈርስብኛል። አንቺ ብትሄጂ ግን እንችለዋለን» ነው ያሉኝ። እንችለዋለን! ከቡርቃ ሎሚ እስከ ባምባሲ ያቺን ቃል እያኘክሁ ነው የመጣሁት። አንቺን ማጣት አይቻልም፤ እኔን ማጣት ይቻላል። አሁንም እሳቸው ውሃ ሲጠማቸው የሚጠሩት አንቺን ነው፤ እጃቸውን የምትይዢው አንቺ ነሽ፤ ጣሪያው ሲያፈስ ስሙ የሚጠራው ያንቺ ነው። ያን ደብዳቤ ሁሉ ለምን የምጽፍ ይመስልሻል? እንዲነበብልኝ ነው። እንዳልረሳ ነው። እኔ ባንቺ ስቀና ነው የከረምኩት ቡሴ፤ ያውም ካንቺ ቀድሜ።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያችን የመጀመሪያ ገጽ እስከ መጨረሻዋ መስመር አንብበሻታል?

ብሪቱ


ቡርቃ ሎሚ
ግንቦት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለምወድሽ፣ ፊትሽን ለማየት ለማፍርብሽ እህቴ ለብሪቱ ኦልጅራ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ወባዋ ተመልሳብሽ እንዳይሆን? እታለም እንደምን ናት? እናቷ ብዙወርቅስ? አቶ ፈንታ፣ ያ ምንጣፍ የሚሸጠው ሙርሳል፣ ሠላሳ አንዱም ልጆችሽ እንደምን አሉ? ዓመቱን ሙሉ ሳልጠይቅሽ የቀረሁትን ሰላምታ ሁሉ ዛሬ ልክፈለው።

አላነበብኳትም። «ዳቦ ምን እንደሆነ እትዬ ቡሴ ታስረዳችኋለች» የምትለዋን መስመር ዘለልኳት። ረስቼ እንዳይመስልሽ። ዓይኔ ላይ ነበረች። ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። «ብሪቱ ዳቦ አጥታለች» ብዬ ቀና ስል የልጆቹ ፊት ተለውጧል። የተራበች ሴት ነበር የታየቻቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ጀግና ነበርሽ፤ በዚያች ቅጽበት አሳዘንሻቸው። እኔም ደስ አለኝ ብሪቱ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ይታዘንልሽ፣ ትንሽ ዝቅ በይ አልኩ። ደግሞም አሰብኩ፤ ሃያዎቹ ልጆች አንዴ አንቺ ዘንድ ከደረሱ ተመልሰው የሚያዩት እኔን አይሆንም። ወረቀቱን አጠፍኩት። በኋላ አርመዋለሁ ብዬ ነበር፤ ቶለሺ ቁርሳችንን እንተው ስትል ግን አፌ ተያዘ። በየቀኑ ዱቄቱ ሲጨምር እኔ ደግሞ ለመናገር እየፈራሁ ሄድኩ። ሁለተኛውን ገጽ ቁልፉ ጋር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሰነበትኩ።

ትናንት ደብዳቤሽን ይዤ እትዬ ዘንድ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ያችን የድሮዋን ገጽ ተቀበሉኝና «የቷ መስመር ናት?» አሉ። ጣታቸውን ይዤ አስቀመጥኩላቸው። ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ አሿት። «ቁልፉን አምጪ» አሉኝ። በቃ፣ ተባረርኩ ብዬ አውልቄ ሰጠኋቸው። አንገታቸው ላይ አጠለቁትና «እኔ እይዘዋለሁ። አንቺ ሂጂ» አሉ። እትዬ፣ ስኳሩን ከጨው በምን ይለዩታል ብላቸው፣ «እቀምሰዋለሁ» አሉኝ።

ዛሬ ሰልፍ ላይ ወጣሁ። ገጹን ከላይ እስከ ታች፣ አንድም ሳልዘል አነበብኩ፤ ምን እንዳደረግሁም ተናገርኩ። ለምን እንዳደረግሁትም። «ቀንቼ ነው» የሚለውን ቃል በሁለት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች ፊት ማውጣት መሰላል ላይ ከመውጣት ይከብዳል። ያጨበጨበ የለም። ቶለሺ አለቀሰች፤ ቁርሷን ሦስት ሳምንት የተወች ልጅ ናት፣ ምን አደርጋታለሁ። ከዚያ ግን ዓይኗን ጠረገችና «ታዲያ ያ ዳቦ ምንድን ነው?» አለችኝ። ያምስተኛ ክፍል ታሪክሽን ነገርኳቸው። አንቺ ከዚህ ይሰማኛል ያልሽው ያ ሳቅ ዛሬ ነው የተሳቀው፤ ሁለት ወር ዘግይቶ። ስልሳ ልጆች እጃቸውን አወጡ። ሃያ ሁለት መረጥኩ። ቶለሺ ትንሽ ናት ብዬ ልተዋት ነበር፤ አሻፈረኝ አለች።

የይለፍ ወረቀት ለማግኘት ማመልከቻ ጻፍኩ። ምክንያት በሚለው ላይ ዳቦ ብዬ ብጽፍ ማን ይፈርምልኛል? ዘመቻ ብዬ ጻፍኩ፤ ወዲያው ተፈረመ። ፈተናው ሰኔ አጋማሽ ስለሆነ ያለን ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ነው። ገረሱ ጆንያውን አራግፎ እኛን ይጭናል። አርብ ከተነሣን ቅዳሜ ማታ ባምባሲ ነን፤ እሑድ እዚያ።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም፤ ፊት ለፊት እለዋለሁ። ይህን ደብዳቤ አትመልሽልኝ። መልስሽ ከመነሣታችን በፊት አይደርስም።

ቡሴ ገቢሳ


መንደር ስልሳ አራት፣ አሶሳ
ሰኔ 22 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቡሴ፣

በደህና ገባችሁ? ልጆቹስ ፈተናውን እንዴት አደረጉት? የእጅሽ ቁስል ደረቀልሽ ወይ? ያንን የቀርከሃ ስንጣሪ እዚሁ ላውጣልሽ ብልሽ እምቢ ብለሽ ሄድሽ። እትዬ ቁልፉን መለሱልሽ ወይስ አሁንም ሻይ ውስጥ ጨው እየጨመሩ ነው?

ከሙርሳል ጋር የከደናችሁት ቤት እንዴት ሆነ ብለሽ በገረሱ ጠይቀሻል። እናንተ በሄዳችሁ በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ከነነፋሱ መጣ። ልጆቹ በሙሉ ቀና ብለው ክዳኑን ያያሉ። አንዲት ጠብታ አልገባችም። በመስኮቱ በኩል ትንሽ ረጨን፤ መስኮት ሲኖር እንግዲህ እንዲህ ነው። ኃላፊው መጥቶ ዞሮ አየውና «በዘመቻ የተሠራ» ብሎ ጽፎ ሄደ። ሴቶቹን ወደ አረም ስለመመደብ ከዚያ ወዲያ አላነሣም። አሁን ሠላሳ ስምንት ሆነዋል፤ ሰባቱ ጣሪያውን አይተው የመጡ ናቸው።

ይቅርታውን ያን ዕለት በጭቃ እጅሽ አንገቴን አቅፈሽ ጨርሰነዋል፤ ዳግም እንዳትጽፊልኝ። አንድ ሌላ ነገር ግን አለ። ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

አቶ ፈንታ ክፍሉን «የቡሴ ቤት» ብለው ጠሩት። እንደ ቀልድ ነበር የጀመሩት፤ አሁን መንደሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ብዙወርቅ ልጇን ስትጠራ «ቡሴ ቤት ናት» ትላለች። ሙርሳል ምንጣፍ ሊሸጥ ሲመጣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ «ያ ወፍራም ኡስታዛ መቼ ይመጣል? ነፊር ያውቃል፣ ወላሂ» ይለኛል። እኔ ስምንት ወር ከዚያ ሾላ ሥር ጠመኔ ስውጥ ከረምኩ፤ አንቺ አሥራ አንድ ቀን መጥተሽ ቤቱ ባንቺ ስም ሆነ። እሰይ እላለሁ፤ ከልቤ እሰይ እላለሁ። ማታ ጋደም ስል ግን የሆነ ነገር እዚህ ደረቴ ላይ ይቀመጥብኛል፤ አንቺ ስሙን ታውቂዋለሽ።

ትናንት አዲሱ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያውን ድርሰት አጻፍኳቸው። «ሳድግ ማን እሆናለሁ» አልኳቸው። እታለም ከሁሉ ቀድማ ጨረሰችና ወረቀቷን አመጣችልኝ። ጽሕፈቷ አምሯል፤ አንድም ፊደል አልገደፈችም፤ አራት ነጥቡም በቦታው ነው። «ሳድግ እንደ እትዬ ቡሴ ዳቦ ይዤ እመጣለሁ» ይላል።

ዘጠኝ ከአሥር ሰጠኋት።

እህትሽ ብሪቱ